የቀለለው ቅጣት ማን ላይ ነው የከበደው? (ለአንድ ፅሁፍ የተሰጠ ምላሽ)

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ፍላሽ ይዞ መጣና «እህቴ ይሄን አስር ኮፒ አውጪልኝ» አለኝ። እኔ ሀዋሳ፣ ፍርድ ቤት አጥር ስር ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዤ ማመልከቻ፣ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ ምናምን እየፃፍኩ ነው የምተዳደረው፣ አስራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማወጣውን ወረቀት ሁሉ አላነብም፣ ይሄኛውን ግን ርዕሱን ሳይ እዛው ቆሜ አነበብኩት። «ረጅም እስር ማንንም አላዳነም» ይላል። አንድ የህግ ባለሙያ የፃፉት ነው፣ ባጭሩ ሃሳባቸው፣ ነፍስ ላጠፋም ለደፈረም አካል ላጎደለም ጭምር ፍርድ ቤቶቻችን አጠር ያለ፣ ማረም ላይ ያተኮረ ቅጣት መስጠት አለባቸው ነው። ለዚህም የወንጀል ህግ ፈላስፋውን ቤካሪያን ይጠቅሳሉ፣ ኖርዌይን ይጠቅሳሉ፣ የኛን የእርቅ ባህል፣ በስህተት የሚፈረድባቸውን ሰዎች፣ የእስር ቤት ወጪን ያነሳሉ፣ በመጨረሻም «ቅጣት ይክበድ የሚለው ጩኸት የስሜት ጩኸት ነው» ብለው ይዘጋሉ።

ፀሐፊው በጨዋ ቋንቋ ነው የፃፉት፣ እኔም በጨዋ ቋንቋ ልመልስ። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እሳቸው ከመፅሐፍ የሚያውቁት ነገር እኔ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ይመጣል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ይለይልኝ። ስለ ሞባይል ሌባ፣ ስለ ጠጅ ቤት ድብድብ፣ ስለ ቼክ፣ ተሳዳቢ ስለሆነ ጎረቤት አይደለም የማወራው። እዛ ላይ ቅጣት ይቅለል ካሉ ከሳቸው ቀድሜ እኔ እፈርማለሁ፣ አንድ ልጅ ለአንድ ስልክ ዓመታት ታስሮ ከባሰ ሌባ ጋር ውሎ አድሮ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። እኔ የማወራው አስቦና አቅዶ ስለገደለ፣ ህፃን ስለደፈረ፣ አሲድ ስለደፋ፣ ሴት ልጅን በገጀራ ስለቆራረጠ ሰው ነው። ፀሐፊው እነዚህንም «ጭምር» ስላሉ ነው ነገሩ የቆረቆረኝ።

በመጀመሪያ ቤካሪያ። ፀሐፊው «ጣሊያናዊው ቤካሪያ በ1764 እንደነገረን ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው» ይላሉ። ልክ ነው፣ እኔም ህግ በማታ ዲፕሎማ ስማር ይችን ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ፅፌያታለሁ። ግን ሰውየው ያለው እሷን ብቻ አይደለም እኮ። ቤካሪያ የሞት ቅጣት ይቅር ሲል በምትኩ ምን ይሁን አለ? ዕድሜ ልክ የጉልበት ሥራ። እንደውም ያንን የመረጠው ከሞት ይልቅ ሰውን የሚያስፈራው የሚቆይ ነገር ነው ብሎ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሰባት ዓመት ተቀምጦ ይውጣ ያለበትን ቦታ ካገኙ ያሳዩኝ።

ሁለተኛ ደግሞ ይሄ «የማይቀር» የሚሉት ነገር እኛ ጋ የት አለ? ምስክር ፈርቶ ይቀራል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል፣ ሀኪም ቤት ማስረጃ እስኪመጣ ወር ይሄዳል፣ ብዙ ሴት ደግሞ ጭራሽ ፖሊስ ጋ አትሄድም። ስንቱን ወንዝ ተሻግሮ አንድ መዝገብ ጥፋተኛ ነው ላይ ሲደርስ፣ እሱም ላይ ቅናሽ እናድርግ ከተባለ ምኑ ነው የሚቀረው? ይቀጣል የሚለው እርግጠኝነትም የለም፣ ክብደቱም የለም ማለት ነው። መጀመሪያ እርግጠኝነቱን ያምጡልን፣ ከዛ ስለማቅለል እናወራለን።

ኖርዌይ። «ኖርዌይ ውስጥ ለአብዛኛው ወንጀል ከፍተኛው እስራት 21 ዓመት ነው፣ አገሩ ግን ሰላም ነው» ይላሉ። ይሄን ነገር ብዙ ሰው ሲለው እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2011 ብሬይቪክ የሚባለው ሰው ኦስሎ ላይ ቦምብ አፈንድቶ 8 ሰው፣ ከዛ ኡቶያ ደሴት ላይ ወጣቶች ካምፕ ገብቶ 69 ሰው ገደለ፣ በድምሩ 77። የተፈረደበት 21 ዓመት ነው፣ እውነት ነው። ግን ፍርዱ ተራ እስራት አይደለም፣ ህዝብን ከሱ ለመጠበቅ የሚሰጥ እስር ነው፣ 21 ዓመቱ ሲያልቅ አሁንም አደገኛ ነው ከተባለ አምስት አምስት ዓመት እየተጨመረበት ዕድሜውን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ልውጣ ብሎ ጠይቆ ፍርድ ቤት አይሆንም ብሎታል። ስለዚህ ኖርዌይ የምታስተምረን «ለባሰው ወንጀለኛ በሩን ቶሎ ክፈትለት» አይደለም፣ «በሩን ከመክፈትህ በፊት ሰውየው ተለውጧል ወይ ብለህ መርምር» ነው። እኛ ጋ ይሄን የሚመረምር ማነው? ይሄ ጥያቄ ወደ ሶስተኛው ነጥባቸው ይወስደኛል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄኛው የኔ ሥራ ነው።

ፀሐፊው «ሰው ይታረማል፣ ማረሚያ ቤት ስሙም ማረሚያ ነው፣ ዳኞች ማቅለያዎችን በልግስና ይጠቀሙ» ብለዋል። ሰው ይታረማል ብዬ አምናለሁ። ግን ማቅለያ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዳኛው ግራ ቀኙን የቅጣት አስተያየት ይጠይቃል። ዐቃቤ ህግ ማክበጃ ያቀርባል፣ ተከሳሽ ማቅለያ ያቀርባል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ያወጣው፣ በ2006 ደግሞ አሻሽሎ ያወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አለ፣ ቅጣቱ በእርከን ተደርድሯል፣ ማቅለያ በተያዘ ቁጥር እርከኑ ወደታች ይወርዳል። ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ አንዱ ዳኛ ሶስት ሌላው አስራ ሶስት እንዳይፈርድ ነው የመጣው።

የማቅለያ ማመልከቻ እኔ ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፋይል አለ። «1ኛ. ከዚህ በፊት ምንም አይነት የወንጀል ሪከርድ የሌለብኝ መሆኑ፣ 2ኛ. የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኔ፣ 3ኛ. በፈፀምኩት ድርጊት የተፀፀትኩ መሆኔ፣ 4ኛ. በአካባቢዬ በማህበራዊ ኑሮ የተመሰገንኩ ስለመሆኔ ከቀበሌና ከእድር የተፃፈ ደብዳቤ ያያያዝኩ መሆኑ።» ስም ብቻ ነው የምቀይረው። «ተፀፅቻለሁ» የምትለዋን መስመር ስንቴ ፕሪንት እንዳደረግኳት አላውቅም፣ እና አንዳንዴ የሚያስፅፉኝ ዘመዶቹ ናቸው፣ ሰውየው እስር ላይ ሆኖ ፅሁፉን አላየውም፣ ፀፀቱን እኔ ነኝ የፃፍኩለት። ይሄን ስፅፍ ደስ እያለኝ አይደለም፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ሰኔ 2009 ላይ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት የምትሠራ ልጅ፣ ስሟንም ሰፈሯንም አልፅፍም፣ ከማታ ሺፍት ወጥታ ስትሄድ የተለየችው ልጅ፣ የድሮ ፍቅረኛዋ፣ ጠብቆ በገጀራ መታት። ራሷን ልትከላከል እጇን ስታነሳ ቀኝ እጇ ላይ አረፈ፣ ጅማቱ ተቆርጦ ከዛ በኋላ መጨበጥ አልቻለችም። ክሱ ከባድ የአካል ጉዳት ነበር፣ የወንጀል ህጉ 555። ይሄ አንቀፅ ሲከብድ እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ይሄዳል፣ ሲቀል ደግሞ ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ብሎ ነው የሚጀምረው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ እንዴት ሰፊ እንደሆነ እዩት። ጥፋተኛ በተባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ጋ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛዋ የመታት ልጅ እህት ናት፣ ማቅለያ ልታስፅፍ። ሌላዋ ራሷ ልጅቷ ናት፣ ከእናቷ ጋር፣ የህክምና ወጪዋን ደረሰኝ በፌስታል ይዛ ዐቃቤ ህግ እንዲያያይዝላት ማመልከቻ ልታስፅፍ። ሁለቱም አይተያዩም። የሷን ፅፌ ጨርሼ ፈርሚ ስላት በግራ እጇ እስክሪብቶ ለመያዝ ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ የማህተም ቀለም አመጣሁላትና የግራ እጇን አውራ ጣት አስነካኋት። በኮሌጅ የተማረች ልጅ፣ በጣት አሻራ። እናቷ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግላት የልጁ እህት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እሷም አለቀሰች መሰለኝ።

ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ሪከርድ የለውም፣ እናቱን ይጦራል፣ ተፀፅቷል። አሁን ሂሳቡን ልሥራላችሁ። በህጋችን አንድ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሶስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፣ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው፣ የሰባት ዓመት ሁለት ሶስተኛ አራት ዓመት ከስምንት ወር ነው። የካቲት 2014 ወጣ። ልጅቷ ይሄን የሰማችው ከማንም አይደለም። አንድ ቀን ማታ ባጃጅ ተሳፍራ፣ ከተቀመጠች በኋላ፣ ፊት ለፊት ባለችው መስታወት አይኑን አየችው። ሹፌሩ እሱ ነው። እሱ ምንም አላላትም፣ መንገዱን ብቻ ነዳ። እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። በወሩ ዕቃዋን ጠቅልላ ሻሸመኔ ዘመድ ጋ ሄደች። እሱ ሀዋሳ አለ፣ ሥራ አለው፣ ምናልባት በእውነትም ታርሟል፣ እግዜር ያውቃል፣ ክፉ አልመኝለትም። ግን ከተማውን የለቀቀችው እሷ ናት። እና ፀሐፊውን የምጠይቃቸው ይሄን ነው፣ ከሱ ላይ የተቀነሰው እያንዳንዱ ዓመት የት ሄደ? ጠፍቶ የሚቀር መስሏቸው ይሆናል፣ አይጠፋም፣ እሷ ላይ ነው የሚደመረው።

ደግሞ አመክሮ ህጉ ላይ እንዲሁ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የወንጀል ህጉ አንቀፅ 202 ጊዜውን መጨረስ ብቻ አይበቃም ይላል፣ በሥራውም በጠባዩም መሻሻሉን ያሳየ፣ ያደረሰውንም ጉዳት አቅሙ በፈቀደ የካሰ መሆን አለበት ይላል። ካሳ! በነዚህ ሁሉ ዓመታት «የበደለሽ ሰው በአመክሮ ሊወጣ ነው፣ ካሰሽ ወይ?» ተብላ ተጠይቃ መልስ ልታስፅፍ እኔ ጋ የመጣች ሴት አንድም የለችም። ህጉ ላይ ያለው እንኳን ቢሠራ እኮ ግማሽ ንዴቴ ይወርድ ነበር።

«ዕድሜ ልክ አለ አይደል ለባሰው» ሊሉ ይችላሉ። ዕድሜ ልክም ቢሆን 20 ዓመት ሲሞላ አመክሮ ይፈቀድለታል። ይሄን አገር ያየው ነገር ነው፣ የደርግ ባለሥልጣናት ሞት ተፈርዶባቸው በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው፣ 1983 ላይ ስለታሰሩ 20 ዓመቱ ሞልቶ መስከረም 2004 ላይ ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ። ልክ ነው አይደለም የሚለውን ሌላ ሰው ይከራከርበት፣ እኔ የምለው «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል እኛ ጋ ዕድሜ ልክ ማለት እንዳልሆነ አንባቢው ይወቅ ነው።

የእርቅ ባህል ያሉት ላይ ደግሞ በጣም ነው የከፋኝ። «አባቶቻችን በእስር ሳይሆን በእርቅ ነው የኖሩት፣ ሲዳማ አፊኒ አለው፣ ኦሮሞ ጉማ አለው» ብለዋል። እዚሁ ሀዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ የሲዳማ ሽማግሌዎች ዛፍ ስር ሲቀመጡ አይቻለሁ። አፊኒ ማለት እኮ «ሰማችሁ ወይ» ማለት ነው፣ ነገሩ አደባባይ ወጥቶ ሁሉም ሰምቶት ነው የሚታየው። መሠረቱ ደግሞ ሐላሌ ነው፣ እውነት። አጥፊው ቁጭ ብሎ «አድርጌዋለሁ» ሳይል አንድ እርምጃ አይኬድም፣ የዋሸ ሰው ከሰውም ከፈጣሪም ይጣላል ተብሎ ይፈራል። ጉማም እንደዛው ነው፣ የገዳይ ወገን በሙሉ ነው ከብት አዋጥቶ የሚክሰው፣ ሽማግሌ ተመላልሶ ነው የሟች ቤተሰብ የሚለመነው፣ እስከዛ ገዳዩ በሟች ቤተሰብ ደጅ አያልፍም። ይሄ በየትኛው ሚዛን ነው ቀላል ቅጣት የሚባለው? እዛ ውስጥ የተበዳይ ቃል መሃል ላይ ነው ያለው። ፀሐፊው ከእርቁ ላይ ይቅርታውን ብቻ አንስተው እውነቱን፣ ካሳውን፣ መራቁን ትተውታል።

አንድ ሌላ የተውት ነገር አለ። እርቅ የሚባለው ለሴት ልጅ ሁልጊዜ እርቅ አልነበረም። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ህግ ደፋሪው ወይም ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። ሽማግሌ ይገባል፣ ጋቢ ይለበሳል፣ ልጅቷ የደፈራትን ሰው ባሌ ብላ ትኖራለች። ይሄ ከህጉ የወጣው በ1996ቱ ህግ ነው፣ አሁን አንቀፅ 587 ጋብቻ ቢፈፀምም ጠላፊው ከመጠየቅ አይድንም ይላል። ያንን አንቀፅ ለማስወጣት ሴቶች ስንት ዓመት ጮኸዋል። ዛሬም ቢሆን ጠረጴዛዬ ጋ «ታርቀናል፣ ክሱ ይቋረጥልን» የሚል ማመልከቻ የሚያስፅፉ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ልጅቷ ከኋላ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት የሚመልሱልኝ ሽማግሌው ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ ራሷ ካላወራችኝ እንዲህ አይነቱን ማመልከቻ አልፅፍም፣ ገንዘቡ ይቅርብኝ።

በስህተት የሚፈረድበት ሰው አለ ያሉት ትልቅ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ተቃውሞ የለኝም። ለዛም ነው ስቀሉ የማልለው። እኛ አገር የሞት ፍርድ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈፀመው በ1999 ነው፣ እዛው ቢቆም ደስ ይለኛል። ግን የስህተት መድኃኒቱ ማቅለል ነው እንዴ? ያላጠፋ ሰው ከሆነ ሰባት ዓመትም ግፍ ነው፣ አንድ ሌሊትም ግፍ ነው። መድኃኒቱ ጥሩ ምርመራ ነው፣ ለደሀው የሚቆም ተከላካይ ጠበቃ ነው፣ በጊዜው የሚታይ ይግባኝ ነው። ጥርጣሬ ካለ ነፃ ይውጣ። ጥርጣሬ ከሌለ ደግሞ ስለሌላ ሰው ስህተት ብለን ለሱ ዓመት አንቀንስለት።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ አልልም። እስረኛ መቀለብ ገንዘብ ያስወጣል፣ እውነት ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ከተፈለገ ቅድም ያልኳቸውን ትንንሽ ወንጀሎች ይዘው የተቀመጡትን ይልቀቁ፣ እነሱ ናቸው የሚበዙት ብዬ ነው የማስበው።

የመጨረሻው «የስሜት ጩኸት» ያሉት ነው። ነሐሴ 2016 ላይ የባህር ዳሯ የሰባት ዓመት ህፃን ጉዳይ ሲወጣ አገር ምድሩ ጮኸ፣ እሳቸው ስም ባይጠሩም ያንን ማለታቸው እንደሆነ ይገባኛል። ህፃኗ ተደፍራ ተገድላ፣ የተፈረደው 25 ዓመት ነው። የወንጀል ህጋችን 539 ለከባድ የሰው ግድያ የሚለው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። 25 ዓመት በአመክሮ ሂሳብ 16 ዓመት ከ8 ወር ሊሆን ይችላል። ይሄን ሂሳብ ሠርቶ የጮኸ ሰው ስሜታዊ ነው ወይስ ህጉን ያነበበ ነው? ደግሞስ ስሜት ቢሆንስ? የህፃኗ እናት ናት እኮ። ተከሳሽ ጠበቃ አለው፣ ማቅለያ የሚያቀርብበት ሰዓት አለው፣ ቤተሰብ አለኝ የሚልበት መስመር አለው፣ ይኑረውም። የሟች እናት በችሎት የምትናገርበት መስመር የት ነው? ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ችሎት አስከባሪው «ዝም በይ እናቴ» ሲላት ነው የማየው። ውስጥ ዝም በይ የተባለ ሰው ውጪ ነው የሚጮኸው።

ፀሐፊው እዚህ ሀዋሳ ከመጡ ሻይ ልጋብዛቸውና ሁለት ፋይል ላሳያቸው እፈልጋለሁ። አንደኛው ያ አራት ነጥብ ያለው የማቅለያ ፋይል ነው። ሁለተኛውን በ2013 ነው የፃፍኩት፣ ለዛችው ለልጅቷ፣ ሰውየው ለታሰረበት ማረሚያ ቤት የተፃፈ ነው፣ «በእኔ ላይ በፈፀመው ወንጀል የታሰረው ግለሰብ ከእስር የሚወጣበትን ቀን አስቀድማችሁ እንድታሳውቁኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ይላል፣ ስድስት መስመር ነው፣ ከስር የግራ እጅ አውራ ጣት አሻራ አለበት። መልስ አልመጣም። ከዛ ወዲህ ስምና ቀን እየቀየርኩ ለሶስት ሴቶች ፕሪንት አድርጌዋለሁ፣ ብር አልተቀበልኳቸውም። ለነሱም እስካሁን መልስ አልመጣም።